ዘፋኙ የጠፋበት ካሴት

ባለፈው ኅዳር ለሚካኤል ንግሥ ከደብረ ብርሃን ወደ ሞላሌ ስሄድ ጣርማ በር ላይ ጉም ያዘን። ያ ጉም መቼም አመሉ ነው፤ እኔ ልጅ ሆኜም እንዲሁ መንገዱ ላይ ተጋድሞ መኪና ያስቆም ነበር። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ መብራቱን አበራ። ተሳፋሪው ሁሉ የገደሉን ወገን ላለማየት አንገቱን ሲያዞር ጊዜ፣ ሐሳባችንን ሊያስረሳን ነው መሰለኝ፣ ፍላሹን ሰክቶ ሙዚቃ ከፈተ። ሁለት የዛሬ ልጆች ዘፈን አለፈ። እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ መስኮቱን ተደግፌ ሳለሁ አንድ ጊታር ብቻውን መጣ። ከበሮ የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ዘፋኝ የለ። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ እየቆጠበ ይወርዳል። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ያቺን ወጥታ የምትመለስባትን ቦታ ጠበቅኳት፤ መጣች። «ይኸው፣ ስህተቱ ይኸው» አልኩ። ለራሴ የነገርኩት መስሎኝ ነበር፤ ድምፄ ወጥቶ ኖሯል።

«የምን ስህተት ነው እማማ? መንገድ ሳትኩ እንዴ?» አለ ሹፌሩ ደንገጥ ብሎ።

«አንተስ ደህና ነህ ልጄ። ዘፈኑን ነው።»

«እሱማ ድሮም ስህተት ነው። ወንድሜ ነው የጫነብኝ፤ ዘፋኝ የሚባል የለበትም እኮ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይላል ይባላል?»

ሳቄ መጣ። ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ሰማሁት፣ ስንት ዘመንስ ራሴ ጠየቅሁት። «የሠራው ሰው ሞላሌ ገብቷል አሉ። ጠይቄው ስመለስ እነግርሃለሁ» አልኩት። ከቤቴ የተነሣሁት ለንግሡ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሚካኤል ይቅር ይበለኝና፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቤ ወደ ጥያቄው ሄደ።

እኔ ነገር ካላወቅሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። እናቴ «አየለች ስትወለድ ማን አዋለደኝ ብላ ነው ያለቀሰችው» ትል ነበር። አስተማሪ የሆንኩትም ከማስተማሩ ይልቅ መጠየቁን ወድጄው ይመስለኛል። ሞላሌ ገና መብራት ሳይገባላት፣ ሥራ ይዤ ወደ ትውልድ ከተማዬ በተመለስኩበት ዘመን፣ ከትምህርት ቤት መልስ እግሬ ራሱ የሚወስደኝ ወደ ጋሽ ድንቁ ሱቅ ነበር። የጋሽ ድንቁ ሱቅ አውቶብሱ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነው፤ ማን መጣ ማን ሄደ የሚለው ሁሉ እዚያ ይታያል። ጋሽ ድንቁ ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ ሸራ ጫማና ካሴት በአንድ መደርደሪያ የሚሸጥ ሰው ስለነበር፣ ካሴቱ ሁሉ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ ላምባ ሲሸተኝ ዘፈን ይመጣብኛል። ካሴት ስምንት ብር ነበር፤ ስምንት ብር ማለት ያኔ ሁለት ዶሮ ተገዝቶ መልስ የሚመጣበት ነው። ወንዶቹ አስተማሪዎች መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪና ታኮ ጫማ አድርገው ከላይ የመንዝ በርኖስ ይደርባሉ፤ የእኛ አገር ብርድ ፋሽን አያውቅም። እኛ ሴቶቹም አጭር ቀሚስ ለብሰን ከሥር የሱፍ ሱሪ እናጠልቃለን። ዛሬ ያን ፎቶ ያየች የልጅ ልጄ «እማዬ፣ ሁለታችሁ ናችሁ አንድ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ሌላው ጌጤ ቴፔ ነበር። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን አፍስሼ ባለ እጀታ ቴፕ ገዛሁ፤ በሰፈሩ ከእኔ በቀር ያለው አልነበረም። የባትሪ ድንጋይ ይበላል፣ ሲከፋውም የካሴቱን ክር ይበላል። ድንጋዩ የደከመ እንደሆነ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል፤ ያኔ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። የመንዝ ፀሐይ ደግሞ ራሷ የምታሰጣት ሌላ ፀሐይ የምትፈልግ ናት። ቢሆንም ሰው ይመጣል፤ መደቡ ላይ ተደርድሮ፣ የሱፍ ባና ተከናንቦ፣ ዘፈን ይሰማል።

እንግዲህ ይታገሱን ላስተዋውቃችሁ። ይታገሱ የመሪጌታ ላእከ ማርያም ልጅ ነው። መሪጌታን ሁላችንም የኔታ እንላቸው ነበር፤ በደብሩ ማሕሌት በቀኝ በኩል ቆመው የሚመሩ፣ ዜማ ያስተማሯቸው ልጆች እስከ ጊሼ ራቤል ድረስ በየደብሩ የቆሙላቸው ሰው ናቸው። ይታገሱንም አፉን ከፈታ ጀምሮ አስተምረውታል። በእሳቸው ቦታ እንዲቆም ነበር ሐሳባቸው። ድጓውን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ዘመናዊ ትምህርት ልማር ብሎ አዲስ አበባ ሄደ፤ እዚያ ከጊታር ጋር ተገናኘና በዚያው ቀረ። ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ባንድ ገባ። ባንዱ ሮክ የሚሉትን ነው የሚጫወተው፤ የመጀመሪያው ካሴታቸው ሞላሌ ሲመጣ እኛ ወጣቶቹ በደስታ አበድን፣ ጋሽ ድንቁ ግን የይታገሱን ጊታር ሰምቶ «ይህ ልጅ ቢላ ያየ በግ ነው የሚያስጮኸው?» አለኝ።

ወሬው የኔታ ዘንድ የደረሰው በክፉ አፍ ነው። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ ከቅዳሴ መልስ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «ልጅዎን ሆቴል ውስጥ አየሁት፤ ፀጉሩን አጎፍሮ ከሰካራም ጋር ሲዘል ያመሻል» አላቸው። የኔታ ፊታቸው አልተለወጠም። መቋሚያቸውን ከመሬት አንሥተው እንደገና ተከሉና «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በእኔና በእሱ መካከል ቃል የለም» አሉ። ይኸው ነው። አልረገሙ፣ አልጮሁ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ቢመጣ ሳይከፈት ይመለሳል፣ ሰላምታ የያዘ ሰው ቢመጣ ወሬ ይቀየርበታል። ባለቤታቸው እትዬ በለጥሻቸው ስንቴ ሽማግሌ ላኩ፣ ስንቴ ንስሐ አባታቸውን አስጨነቁ። የኔታ «ቃሌ ቃል ነው» ብለው ይዘጉታል። ዓመታት ሄዱ። በኋላ በኋላ የኔታን ሳል ያዛቸው፤ ከማሕሌት ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስቡ ጀመር። እትዬ በለጥሻቸው አንድ ቀን ምንጭ ወርደን «ሁለቱም አንድ ድርቅ ናቸው፤ ይህ ሳል ሳያስታርቃቸው ሊለያያቸው ነው» ብለው አለቀሱብኝ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ያ ካሴት የመጣው። ሽፋኑ ላይ ባንዱ የለም። ይታገሱ ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ታቅፏል፤ ኮሌታው ትከሻው ላይ ተዘርግቶ፣ አፍሮው ከሽፋኑ ሊወጣ ደርሶ። ከላይ «ያለ ቃል» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ያን ጽሑፍ እንደ ማንም አንብቤ አለፍኩት። ሞላሌ በሙሉ እንደዚያው። ከመዘዞ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሰማ ሰማና «ዘፋኙ ዘገየ፤ ታሞ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከገዙት መካከል ሦስት አራቱ «ይኼ ዘፋኙ ጠፍቶበታልና ለውጥልን» እያሉ ይዘው ተመለሱ። ጋሽ ድንቁ ሐቀኛ ሰው ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ሸጠ እንዲባል አይፈልግም። በእርሳስ እያጠነጠነ ከዳር እስከ ዳር ፈተሸው፤ ገልብጦም ፈተሸው። «አየለች፣ በሁለቱም ፊት ፈለግሁት፤ የለም» አለኝ። «ጣርማ በር ላይ ወርዶ ይሆናል፤ እዚያ ጉም ነው» አልኩት። ከዚያ አንዱን ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

በሰማሁት ጊዜ ግራ ገባኝ። ያ በባንዱ ካሴት ላይ ጆሮ የሚሰነጥቀው ልጅ ነው እንዲህ የሚለሰልስ? ምን ነካው? ከባንዱ ተጣልቶ ነው? ታሞ ነው? ፍቅር ይዞት ነው? እኛ አገር ዋሽንትም ሲነፋ፣ ክራርም ሲመታ፣ «ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ እንዲሁ አይሰማም። እኔ ቤት የተሰበሰበው ሁሉ ቃል ይፈልግለት ጀመር። የግብርናው ባለሙያ ሁለተኛውን ዜማ «ዝናብ ዘገየ ነው የሚለው» አለ፤ የሒሳብ አስተማሪው «ደሞዝ ዘገየ ነው» አለ። ለመጀመሪያው ሴት ተማሪዎቼ እንዲህ የሚል ግጥም ገጠሙለት፦

ሞላሌ ገበያ ጨው ልገዛ ሄጄ፣
ወሬህን ሸምቼ ገባሁኝ ወዳጄ።

ልክክ አለለት። ሦስተኛው ግን ቃል አልቀበል አለ። ስንት ሰው ሞከረ። ግጥሙ ወይ ይረዝምበታል ወይ ያጥርበታል። እኔም እርሳስ ይዤ ስታገል አመሸሁና ተውኩት፤ ተውኩት ስል እንግዲህ እንቅልፍ ነሣኝ ማለቴ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የልጃቸው ነገር የኔታ ዘንድ የደረሰው አገር ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪ ደብተር ሳርም ደጄ ላይ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል የኔታ ናቸው። እግራቸው እኔ ቤት ረግጦ አያውቅም ነበር።

«ኖር፣ የኔታ።»

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጪ።» መደቡ ላይ ዐረፍ ብለው ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ ጠበቁ። «አየለች፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያ ልጅ አወጣው የሚሉት ነገር ቃል የለውም ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ የኔታ።»

«አንድም?»

«አንድም የለው። ሰዉ ሁሉ ዘፋኙን ሲፈልግ ነው የሰነበተው።»

«እንግዲያ ዘፈን አይደለማ» አሉ። መሬት መሬት እያዩ ነው የሚናገሩት። «ዘፈን የሚያሰኘው ቃሉ ነው። ቃል ከሌለው ዜማ ብቻ ነው፤ ዜማን ወፍም ያዜመዋል። ወፍ ሲያዜም ጆሮህን ድፈን የሚል በየትም አላነበብኩ።»

እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ይህን ነገር ቤታቸው ተቀምጠው ሲፈትሉት እንደሰነበቱ ገባኝ። «ስሙንስ ምን አለው?» አሉኝ።

«ያለ ቃል።»

«ምን አልሽ?»

«ያለ ቃል ነው የሚለው፣ የኔታ። ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።»

እኔም ያኔ ነው የነቃሁት፤ እኔ ብሎ አስተማሪ። ቃል የለም ላሉት አባቱ ያለ ቃል ብሎ ልኮላቸዋል። «ሰምቶኛል ማለት ነው» አሉ የኔታ ቀስ ብለው። «በይ ክፈቺው።»

የመጀመሪያውን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። በሁለተኛው ጣታቸው መቋሚያው ላይ ትንሽ ትንሽ መታ መታ አለ። ሦስተኛው ሲጀምር ጣታቸው ቆመ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ሲያልቅ «መልሺው» አሉኝ። መለስኩት። ደግመው «መልሺው» አሉኝ። ከዚያ «ይቺ የእኔ ናት» አሉ።

«ምኗ፣ የኔታ?»

«ከማሕሌት ስመለስ፣ ጠዋት ውርጩ ሳይነሣ፣ ያን ልጅ ትከሻዬ ላይ አድርጌ የማንጎራጉራት ነበረች። ቃል የላትም። ለሰው አሰምቼም አላውቅ። ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቃት የለም። ተኝቷል ስል ይሰማኝ ኖሯል።» ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ የት ይታያል? ልጄን አምጡልኝ ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ልክ ተማሪ ፊታቸው እንደቆመ ኮስተር አሉና «ነገር ግን ተሳስቷል» አሉ።

«የቱ ጋ?»

«ወጥታ የምትመለስባት ላይ። ሰብሯታል። መልሺውና ስሚ።» መለስኩት። «ሰማሽ?» አሉኝ። ሰማሁ። እውነቴን ነው፣ ጥርት አድርጌ ሰማሁት፤ ያቺ ቦታ ላይ አንዲት የምትሻክር ነገር አለች። «ሰምቻለሁ» አልኩ። በጆሮዬም ኮራሁ።

«ተማሪ ሲሳሳት መምህሩ ዝም ካለ ኃጢአቱ የማን ነው?»

«የመምህሩ ነዋ።»

«ለማረም ደግሞ ቃል አያስፈልግም። ይህ ሳጥንሽ ይቀዳል አሉ። ከሦስተኛዋ ቀጥለሽ ቅጂኝ።»

ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከፋብሪካ የተሰበረችውን የካሴቱን ቀዳዳ በቁስል ፕላስተር ደፈንኩ፤ ስትደፈን ይቀዳል። «የኔታ፣ ከሦስተኛው ቀጥሎ ከቀዳን እኮ አራተኛው ይጠፋል» አልኳቸው። «ይጥፋ» አሉ። «የተሳሳተ ተማሪ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።» ቁልፉን ተጫንኩ። አፋቸውን ገጥመው፣ በአፍንጫቸው ብቻ፣ ያቺን ዜማ አንጎራጎሩ። ወጥታ የምትመለስባት ቦታ ሊደርሱ ሲሉ ሳላቸው መጣ፤ ሳሉ፣ ሳሉ፣ ከቆሙበት ቀጠሉና ጨረሱ። «ሳሉን አጥፍተን እንደገና እንቅዳ?» ብላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ብጣሽ ወረቀት ልጨምርበት ብዬም ለመንኳቸው፤ አባትህ ታመዋል ብዬ ሁለት ቃል ብቻ። «ቃል የለም ብያለሁ፤ ቃሌን አታሳጥፊኝ» አሉ። እንዲሁ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የሆቴሉን ስም ነግሬ፣ ለአውቶብሱ ሹፌር ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲያ የኔታ አውቶብስ በሚመጣበት ሰዓት በጋሽ ድንቁ በኩል የሚያሳልፍ ጉዳይ አያጡም። አንድ ቀን ጨው፣ አንድ ቀን ክብሪት፣ ደግሞ ጨው። እትዬ በለጥሻቸው «ቤቱን አሞሌ አደረገው» እያሉ ይስቃሉ፤ ይስቃሉ ግን ዓይናቸው አይስቅም። እኔም እዚያው ነኝ። ካሴቱ ደርሶ ይሆን? ሰምቶት ይሆን? ሰምቶስ ምን ይለዋል፣ ስህተቱን ሲነግሩት ይከፋው ይሆን? በገበያ ቀን አውቶብሱ ሰው አራግፎ ሲጨርስ አንድ ራሱን የተላጨ፣ ነጠላ ያጣፋ፣ በሱፍ ዝተት የተጠቀለለ ረጅም ዕቃ ያዘለ ሰው ወረደ። ማናችንም አላወቅነውም፤ ያ ሁሉ አፍሮ የለማ። እሱ ነው እኔን ያወቀኝ። ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ «አባባ አሉ?» አለኝ።

«አሉ» አልኩት። በዕድሜዬ ከተናገርኩት ሁሉ ደስ ያለኝ ቃል ያ ነው።

የኔታ ያን ቀን ከቤት አልወጡም ነበር፤ ሳሉ ጠንቶባቸዋል። ይታገሱ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። እኛ ጎረቤቶቹ አጥሩ ሥር ቀረን፤ ውስጡን ለቄስ። ከዚያ የወጣት ድምፅ ያቺን ዜማ ሲያንጎራጉር ተሰማ። ያልቃል፣ ዝም ይባላል፣ ደግሞ ይጀምራል። እያረሙት ነው ብዬ ለጎረቤቶቼ አስተረጎምኩ። መጨረሻ ላይ እትዬ በለጥሻቸው እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ የኔታ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ወጡ፤ ድሮ ትከሻቸው ላይ የተሸከሙት ልጅ ነው። ያን ሰሞን ሁለቱ አብረው ማሕሌት ቆሙ። ክረምቱን የኔታ አልተሻገሩትም፤ ያረፉት ግን በልጃቸው እጅ ላይ ነው።

እኔን የሚበላኝ ነገር ግን አልበረደም። የቤተ ክህነት ተማሪ አንድ አመል አለው፤ መምህሩ ችላ ያለው እንደሆነ ሆን ብሎ ይሳሳታል። መምህር መቼም ስህተት ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ተቆጥቶም ቢሆን ፊቱን ይመልሳል። ታዲያ ይታገሱ ያን ስህተት ያስቀመጠው አባቱን ለማጥመድ ይሆን? ወይስ እንዲያው ረስቶት ነው? ከጋሽ ድንቁ ሌላ ካሴት ገዝቼ፣ ቴፔ ክሩን እስኪበላው ድረስ ሰማሁት። በየዓመቱ ለሚመጡት ተማሪዎቼም «ስሙ፣ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው» እያልኩ አሰማኋቸው፤ እነሱም ሰምተናል ይሉኛል። ባል አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ጡረታ ወጥቼ ልጄ ዘንድ ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ ይታገሱም ለአባቱ ሙት ዓመት መጥቶ ከሄደ ወዲህ ተጠፋፋን። ጥያቄዬ ግን አብሮኝ አረጀ።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ቅጽሩ ውስጥ ከጽድ ዛፉ ሥር ይታገሱን ተቀምጦ አገኘሁት። ጋቢ ለብሷል፣ ጆሮው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ አድርጓል፣ ያ ሁሉ ፀጉር አሁን በእውነትም የለም። የወላጆቹን ቤት አስጠግኖ ጠቅልሎ ገብቷል። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ ስለ ባንዱ ጠየቅሁት። «ተበተነ፤ ዘፋኛችን ሞተ፣ ከበሮ መቺው የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል» አለኝ። ለምን ብቻህን አወጣህ ስለው «ባንዱ ውስጥ ቃሉ የዘፋኙ ነው፤ እኔ ደግሞ ቃል የተከለከልኩ ሰው ነበርኩ። በሰው አፍ አባቴን ልለምን?» አለኝ። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ይታገሱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ አትሣቅብኝ። ሆን ብለህ ነው የተሳሳትከው?»

«የቱ ጋ?»

«ሦስተኛው ላይ ነዋ። ወጥታ የምትመለስባት ላይ።»

አየኝ። ሳቀ፤ አትሣቅ ያልኩትን ሳቀ። ስልኩን ከጋቢው ውስጥ አወጣ። «አየሉ፣ ያን ካሴት ልጄ ወደዚህ ገልብጦልኛል። ጆሮሽን ወዲህ አምጪ» አለና ሦስተኛውን ከፈተልኝ። ጊታሩ ወጣ፣ አመነታ፣ ተመለሰ። ቀጥሎ ቁልፍ ሲጫን ቀጭ የሚለው መጣ፤ እኔ ነኝ የተጫንኩት። የኔታም መጡ። ካረፉ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወጡ፣ ሳሉ፣ ቀጠሉ፣ ተመለሱ። «መልሰው» አልኩት። መለሰው። ደግሜ «መልሰው» አልኩት። ጊታሩ የወጣበት የኔታ ይወጣሉ፤ የወረደበት ይወርዳሉ። ያቺ የምትሻክረው ነገር በየትኛውም የለችም። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ሁሉ ሳሰማ የኖርኩት ስህተት የት ገባ?

«አንድ ናቸው እኮ» አልኩ።

«አንድ ናቸው። የሳሉ ብቻ ነው ልዩነቱ። እኔም ሆቴሉ ጓዳ ቁጭ ብዬ እንዳንቺ ደጋግሜ ሰማሁት፤ የቱን እንዳረሙኝ ጠፋኝ። ሳሉ ግን አልጠፋኝም። በማግሥቱ ፀጉሬን ተላጭቼ ተሣፈርኩ።»

«እቤት ስትገባሳ? ደጋግመው ሲያርሙህ ሰምተናል።»

«‹በል፣ ከመጀመሪያው› አሉኝ፤ አንጎራጎርኩላቸው። ‹ድገም› አሉኝ፤ ደገምኩ። ‹አሁን ቀና› አሉ። እኔም እንዳንቺ ነገር አልተው የምል ነኝ፤ ‹አባባ፣ እኔ እኮ ምንም አልቀየርኩም› አልኳቸው።» ይታገሱ የመስሚያውን መሣሪያ ከጆሮው አውጥቶ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። መልሶ እስኪያደርገው ጠበቅሁት።

«ታዲያ ምን አሉህ?»

«‹እኔ መቼ ቀይር አልኩህ?› አሉኝ። ‹ና ነው ያልኩህ።›»

በማግሥቱ ስመለስ ያንኑ ሹፌር ጠብቄ ተሣፈርኩ። አልረሳኝም፤ ጣርማ በር ደርሰን ጉሙ ሲይዘን በመስተዋቱ አየኝና «እማማ፣ ሰውዬውን አገኟቸው? ዘፈኑ ምን ይላል አሉ?» አለኝ።

«ና ነው የሚለው» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም። ና ብቻ ነው።»

ትንሽ አሰበና እጁን ሰዶ ዘፈኑን ከፈተው።